ጸጥታ ሰገድ ተክለጻድቅ በኦፔኑ ሣር ላይ

በዘመነ ተክለጻድቅ፣ በዓመተ ሰሌዳ፣ ከትንሣኤ በኋላ በነበረው ሐሙስ ከሰዓት፣ በሮማ ከተማ በካስትሮ ፕሬቶሪዮ የእኛ ሰው በሚሰበሰብባት ቡና ቤት ውስጥ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ወይዘሮ ለተንሳኤም ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አንሥተው ሳለ፣ የሞተው ማን እንደሆነ ግን ገና የሚያውቅ አልነበረም።

ልቅሶውን ያስነሣው የአቶ ተክለጻድቅ ዝምታ ነው። እኚህ ሰው፣ ስማቸው ከፍ ይበልና፣ ከገቡ ጀምሮ በጥጉ ወንበር ተቀምጠው፣ ሰላም ሲሏቸው ራሳቸውን ዝቅ፣ ምን ሆኑ ሲሏቸው ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ እያደረጉ፣ አንዲት ቃል ሳያወጡ ካፑቺኖአቸውን አቀዘቀዙት። በአንድ ፓላሶ ከእርሳቸው በታች ባለው ፎቅ ሳገለግል በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እኚህ ሰው ዝም ብለው አያውቁም፤ ጥርሳቸውን ሲነቀሉ እንኳ ለሐኪሙ የጉጠቱን አያያዝ ያስረዱት ነበር ይባላል። በዚያም ዘመን ዝም ያለ ሰው ማለት ከሀገር ቤት ክፉ ስልክ የተደወለለት ሰው ማለት ነበርና፣ ገሚሱ ለአጎታቸው፣ ገሚሱ ለእኅታቸው ማልቀስ ጀመረ። የአጎቱ ወገን ከእኅቱ ወገን ጋር ሊካሰስ ሲል ባለቤታቸው ወይዘሮ አብረኸት ከአውቶቡስ ወርደው ገቡና ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ማንም አልሞተም። ነጠላሽን አቅኚው ዘርፌ። ልምምድ ላይ ነው።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም እንባቸው በከንቱ ስለፈሰሰ ቅር ተሰኝተው የአጸፋ አዋጅ አወጡ፦ «የምን ልምምድ? እንደሱ ያለ ሰው ዝም ካለ ቢያንስ አንድ ሰው መሞት ነበረበት።»

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ይህ የሆነው በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ በሀገር ቤት ደርግ በነገሠ በስድስተኛው ዓመት፣ በሮማ ደግሞ ሲኞራ ኤልቪራ በፓሪዮሊ ኮረብታ በአቶ ተክለጻድቅ ላይ በነገሡ በአራተኛው፣ ሲኞራ ማዳሌናም በፕራቲ በወይዘሮ አብረኸት ላይ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሁለቱ ንግሥታት ሳይተዋወቁ ግዛታቸውን በቴቬሬ ወንዝ ተካፍለው፣ ባልየውን በወዲህ፣ ሚስትየውን በወዲያ በየማድ ቤታቸው አሳድረዋቸው ነበርና፣ እነዚህ በተክሊል የተጋቡ ሰዎች የሚገናኙት የቤት ሠራተኛ ሁሉ ነፃ በሚወጣበት በሐሙስ ከሰዓትና በእሑድ ብቻ ነበር። ያውም በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አግዳሚ ላይ፣ ዝናብ ሲሆንም በጣቢያው መጠበቂያ ክፍል፣ የማይመጣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው። የራሴ የሚሉት ጣሪያ አልነበራቸውም።

ከአሮጌው አፒያ መንገድ ወዲያ ባለው የጎልፍ ሜዳ ግን፣ ከበሩ አጠገብ ዘበኛ ይኖርባት የነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ባዶዋን ቆማ ነበር። የሜዳው አዛዥ ሲኞር ኒኖ ዘበኛ ይፈልጋል፤ ባለትዳር ቢሆን ይመርጣል። አቶ ተክለጻድቅም ይህን ሰምተው በመጀመሪያው ቀን ሄደው ቢያነጋግሩት፣ ስለ ሣር አጠጣጥ፣ ስለ ሣር አስተጫጨድ፣ ስለ ሣርም ባሕርይ እስኪመሽ አስረዱት። በማግሥቱ የሲኞር ኒኖ አዋጅ እንዲህ ሲል ወጣ፦

«ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ይናገራል። ይህ ሜዳ ዝምታ ይወዳል። አሎራ፣ በኦፔኑ ጊዜ በመጨረሻው ጉድጓድ አጠገብ የጸጥታውን ሰሌዳ ይያዝ። እስከ እሑድ ማታ ከእሱ በኩል ድምፅ ካልተሰማ ቤቷ የእሱ ናት። ከተሰማ አሪቬዴርቺ።»

ኦፔን የተባለው፣ በኳስና በዱላ እንጀራቸውን የሚበሉ ወንዶች ከየሀገሩ መጥተው የሚጋጠሙበት፣ የኢጣሊያ ታላቁ የጎልፍ ውድድር ነው። ታሪኩን ያስተማረን ጃንካርሎ ነው፤ አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ የአስመራ ሰው፣ በዚያ ሜዳ የተጫዋቾችን የዱላ ከረጢት የሚሸከም ጎልማሳ። እንደ ጃንካርሎ አነጋገር፣ ኦፔኑ የተወለደው ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በነገሡበት ዘመን መግቢያ፣ በሰሜን በሐይቅ ዳር ነው። እንደ ጥንት ነገሥታቶቻችንም ቋሚ መናገሻ የለውም፤ ድንኳኑን እየነቀለ አንዱን ዓመት በሚላኖ በኩል፣ አንዱን በቬኔሲያ፣ አንዱን በሮማ ይሰፍራል፤ የሰፈረበትም ሀገር ሣሩን አጭዶ ይገብርለታል። ጦርነት በመጣ ጊዜ ዱላው ተሰቀለ፤ ሰላም ሲሆን ወረደ። ኋላ ደግሞ ዐሥር ዓመት ያህል ጨርሶ ጠፋ፤ ያም ለሣሩ ዘመነ መሳፍንት ሆነለትና በየአውራጃው በገዛ ሥልጣኑ አደገ። ደርግ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎም ኦፔኑ ዙፋኑን መልሶ ያዘ። ዋንጫውን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ነው። ይህን ስንሰማ ቡና ቤቱ ሁሉ ደስ አለው፤ በዚህ ሀገር መጻተኛ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ፔርሜሶውን፣ ሳይጠየቅ ገብቶ በጭብጨባ የሚወጣበት ቦታ መኖሩን አላወቅንም ነበርና።

የሀገራችን ሰው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል። የዚህኛው ጨዋታ ጌታ ግን ሰው ሲያስነጥስም ይቆጣል። ተጫዋቹ ኳሷን ሊመታ ባጎነበሰ ጊዜ ወፍ እንኳ ፈቃድ ጠይቃ ነው የምትጮኸው። ስለዚህም ረጅም እጀታ ያለው፣ «ሲሌንሲዮ»፣ ጸጥታ ማለት ነው፣ የሚል የተጻፈበት ሰሌዳ በየጉድጓዱ ይቆማል፤ ያጎነበሰ ሲኖር ሰሌዳው ከፍ ይላል፣ ሕዝቡም ትንፋሹን ይይዛል።

አቶ ተክለጻድቅም የዓመት ዕረፍት ፌሪያቸውን ለዚህ ሠውተው፣ ከሲኞራ ኤልቪራ ዘንድ መሸኛ ተቀብለው፣ ሰሌዳቸውን ተሸክመው ዘመቱ። ስመ መንግሥታቸውም ያን ጊዜ ጸጥታ ሰገድ ተባለ።

የመጀመሪያው ቀን ፈተና ንብ ነበረች፤ አፍንጫቸው ላይ አርፋ ብዙ ቆየች፤ እርሳቸው ግን እንደ ሐውልት ቆሙ። የሁለተኛው ቀን ጉንፋን ነበር፤ ማስነጠሳቸውን እንደ ኪኒን ዋጡት። የሦስተኛው ቀን ግን ከሁሉ ከፋ። ሁለት ሲኞሮች ተመልካቹን ከሚያግደው ገመድ አጠገብ ቆመው ስለ እኛ ሀገር ሲነጋገሩ፣ አንደኛው አዲስ አበባ የባሕር ወደብ ናት አለ፤ ሁለተኛው አዎን፣ አጎቴ በመርከብ ገብቶባታል ብሎ መሰከረ። ጃንካርሎ ከሩቅ ሆኖ እንዳየው፣ የጸጥታ ሰገድ አንገት ደም ሥሩ ተገተረ፣ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አዲስ አበባን ግን ከባሕር ዳር እንደ ቆመች ትተዋት ዝም አሉ። ከዚህ የሚበልጥ ትዕግሥት ያየ ካለ ይምጣና ይጻፍ።

ወእምዝ እሑድ ሆነ። በእኛ ሥርዓት የተሾመ ሰው ብቻውን አይቆምም፤ አጃቢ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከጸሎት በኋላ ነጭ እንደ ለበስን ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። በቀኝ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ የአልቃሾች አለቃ፣ የእልልታም አዝማች፤ በግራ ወይዘሮ ለተንሳኤ፣ የጥቁር ጃንጥላ ባለቤት፤ በስንቅ ቤት በኩል የምሳ ዕቃ የተሸከመችው ምሕረት፤ በመካከል ወይዘሮ አብረኸት፤ ከኋላ ደግሞ ይህን የምጽፈው እኔ፣ ጫማዬ የጠበበኝ። አውቶቡሱ ዘግይቶብን ስንደርስ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ። ከበሩም ላይ ወይዘሮ አብረኸት ወደ ትንሿ ቤት ጣሪያ እያመለከቱ ሠራዊቱን እንዲህ ሲሉ አዘዙ፦

«ያቻትላችሁ። አሁን ቤቴ ያለው በእናንተ አፍ ላይ ነው። የተነፈሰች ከእኔ ጋር አትተያይም።»

ሁሉም በየታቦቱ ማለ። ማሐላውንም ጠበቁ፤ ይህን ለእውነት ስል እመሰክራለሁ።

ነገር ግን በዚያች ሰዓት ካፊያ ጀመረ። ቢጫ ሹራብ የለበሰ ተጫዋች ከኮረብታው ሲወርድ፣ ጃንካርሎ ከረጢቱን እንዳነገተ ቀይና ነጭ ያለበት ትልቅ ጃንጥላ ዘረጋለት፤ ሕዝቡም በግራና በቀኝ ሆኖ ቀስ እያለ ተከተለው፤ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በሣሩ መካከል ባንዲራ ተተክላ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ የተዘረጋ ጃንጥላ፣ ቀስ የሚል ሕዝብ፣ ራሱን የገለጠ ሽማግሌ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ሴቶች ምን እንደሚመስል አንተው ታውቀዋለህ። እንዲህም ሆኖ ዝም አሉ። ወይዘሮ ለተንሳኤ ብቻ ጫማቸውን አወለቁ።

ተጫዋቹ አጎነበሰ። ጸጥታ ሰገድም ሥራቸው ነውና ሰሌዳውን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አነሡ።

መሪጌታ መቋሚያውን ከፍ ሲያደርግ ምን እንደሚደረግ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ያልተማረች ሴት በእኛ ዘንድ የለችም። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ማሐላውን አላፈረሱም፤ እጃቸው ራሱ ወደ አፋቸው ሄደ። እልልታው ከአፒያ መንገድ እስከ ሮማ ቅጥር ሄዶ ተመለሰ። ተጫዋቹ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማዩን አየ። ጸጥታ ሰገድ ደንግጠው ሰሌዳውን አብልጠው ከፍ አደረጉት፤ ሴቶቹም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ጸጥታ ሰገድ ሰሌዳውን ዝቅና ከፍ፣ ዝቅና ከፍ እያደረጉ ወዘወዙት፤ ይህ በወረብ ሥርዓት ድገሙ ማለት ነውና ሴቶቹ ደገሙ፣ ጭብጨባም ጨመሩበት። ሲኞር ኒኖ ከሰገነቱ ላይ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ።

ወይዘሮ አብረኸት ብቻ እልል አላሉም። በዛፎቹ መካከል የምትታየውን ጣሪያ፣ ሰው የሚሸኝ ሰው እንደሚያይ ያዩዋት ነበር።

ጸጥታ ሰገድ ዝም በሉ ብለው እንዳይጮኹ፣ ድምፃቸው ሊሰማ ነው፤ እንዳይተዉት፣ የእኛው ድምፅ አላቆመም። ከሁለቱ መካከል ቆመው ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ልጅ ሳሉ የቆሙበት ቅኔ ማኅሌት ትዝ አላቸው። ሰሌዳውን ቀስ አድርገው አወረዱ፤ ጫፉን ከእግራቸው ሥር ተከሉ፤ እንደ ደከመ ደብተራም ተመረኮዙበት።

እልልታው በቢላ እንደ ተቆረጠ ቆመ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል እንኳ የጀመሩትን ግማሹን መልሰው ዋጡት። ጣሊያኖቹም ከእኛ በላይ ደንግጠው ነበርና፣ ሜዳው ያን ቀን ያላየውን ዝምታ አየ። ተጫዋቹ እንደገና አጎነበሰ፣ መታ፤ ኳሷ ሄደች፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ደርሳ እንደ ሙሽራ ተግደረደረች፣ ከዚያም ገባች። ጸጥታ ሰገድም በደስታ ሰሌዳውን መልሰው አነሡት፤ «ሲሌንሲዮ» ከሚለው ጽሕፈት በታች ሮማ ከእነ ሐበሻዋ ጮኸች። ቢጫ ሹራቡ ቆቡን አውልቆ ለወይዘሮ ዘርፈሽዋል እጅ ነሣ።

ሲኞር ኒኖ ከሰገነቱ ወርዶ በሕዝቡ ፊት የመጨረሻውን አዋጅ አወጀ፦

«ሰሌዳ አንሥቶ ሰው ዝም የሚያሰኝ ብዙ አይቻለሁ። ሰሌዳ አውርዶ ዝም ሲያሰኝ ያየሁት ይህን ሰው ብቻ ነው። ድምፅ ተሰምቷል፤ ቫ ቤኔ፣ አልክድም፤ ግን ከእሱ አፍ አልወጣም። ቁልፉን ስጡት። ሴቶቹ ግን በሚቀጥለው ዓመት ኦፔኑ ወደሚሄድበት ከተማ አብረውት ይሂዱ።»

ቁልፉ እጃቸው በገባ ጊዜ ታስሮ የሰነበተው አፍ ተፈታ። ጸጥታ ሰገድ ለሲኞር ኒኖ ስለ ኳስ አመታት፣ ለአውቶቡሱ ነጂ ስለ አቋራጭ መንገድ፣ ለአንዲት ከቶ ለማያውቋት ሲኞራ አዲስ አበባ ከባሕር ምን ያህል እንደምትርቅ እያስረዱ፣ እስትንፋስ ሳይወስዱ ከአፒያ መንገድ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ደረሱ። እኔም በዚያው ቡና ቤት በሠራዊቱና ተከትሎን በመጣው በጃንካርሎ ፊት ቆሜ ይህን ውዳሴ አሰማሁ፦

ሰላም ለአፍህ፣ ንብና ጉንፋን ላልከፈቱት፤ ሰላም ለጆሮህ፣ መርከብ አዲስ አበባ ሲገባ ሰምቶ ለቻለው፤ ሰላም ለእጅህ፣ ከፍ ሲል እልልታን፣ ዝቅ ሲል ጸጥታን ለሚያዝዘው። የሣሩ ጌታ፣ የጉድጓዱ ጠባቂ፣ የሁለት ክፍሎች ንጉሥ፣ ጸጥታ ሰገድ ተክለጻድቅ ሆይ፣ ዝምታህ ለልጅ ልጅ ይነገር።

ሁሉም አሜን አለ። ጸጥታ ሰገድ ግን ውዳሴው ሳያልቅ ጀምረው፣ አሜኑም ካለቀ በኋላ ሳያቋርጡ፣ ሰሌዳ በስንት ዓይነት እንደሚያዝ ለምሕረት ያስረዱ ነበር። ወይዘሮ አብረኸት ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ ጥቂት አደመጧቸው፤ ከዚያም ወደ ጃንካርሎ ዞረው እንዲህ አሉ፦

«እስካሁን የምሰማው ሐሙስና እሑድ ብቻ ነበር። ሰሌዳውን ለእኔ አምጣልኝ።»