ለበርሜል የተላከ ሽማግሌ

ማስወገድ ማለት፣ በጥንቃቄ ብንፈታው፣ አንድን ቆሻሻ እኔ ከማየው ቦታ አንሥቶ ሌላ ሰው ወደሚያየው ቦታ ማድረስ ነው። ሌላ ሰው ከሌለ ቦይ ይበቃል። ሐዋሳ ደግሞ የፈሰሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ እኛም እሑድ እሑድ ሄደን ዓሣውን እንበላለን።

የተቃጠለ ዘይት ግን በእኛ ሰፈር ቆሻሻ ተብሎ አያውቅም። እዚህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ጋራዥ ያላቸው ጋሽ ሽኩር ከየሞተሩ የሚያወርዱትን ጥቁር ዘይት ጎረቤቱ በጆግ ይለምናቸው ነበር። አንዱ የአጥሩን እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀባዋል፤ ሌላው ደጁ አቧራ እንዳይነሣ ይረጨዋል። የተረፈው በርሜል ውስጥ ይገባል። በርሜሉ ሥሩ ተበስቶ ስለነበር ሞልቶ አያውቅም፤ ጋሽ ሽኩርም ይህን እንደ በረከት ይቆጥሩት ነበር።

አንድ ቀን ከከተማው አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ወጣት ናት፣ ጨዋ ናት፣ ስትገባ ጫማዋ ነጭ ነበር። ስትወጣ ነጭ አልነበረም። ዘይቱ፣ የሞተው ባትሪ፣ ያረጀው ፊልትሮ ሁሉ በሳምንት ውስጥ ተገቢ ቦታ ካላገኘ ጋራዡ ይታሸጋል ብላ ሄደች። ለጋሽ ሽኩር ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለእኔስ? መኪናዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ሞተሯ ወርዶ፣ ጎማዋ ተፈትቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጋራዡ ከታሸገ አብራ መታሸጓ ነው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋት እሄዳለሁ፤ ምሳ ሰዓት እሄዳለሁ፤ ዳቦ ልግዛ ብዬ እወጣና ራሴን ጋራዡ በር ላይ አገኘዋለሁ። ሞተሩስ እንዴት ሆነ ስላቸው፣ ጋሽ ሽኩር “አንተ ደግሞ! ቤቱ ሊዘጋ ነው፣ ስለ መጋረጃው ትጠይቀኛለህ?” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን መጋረጃው የእኔ ነው።

ተማርኩ የሚል ሰው ደግሞ ሲጨነቅ ያስተምራል። አንድ አመሻሽ ጋራዡ በር ላይ ለተሰበሰበው ጎረቤት ጣቴን አንሥቼ አስረዳሁ፦ ተገቢ ቦታ ማለት ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ከቦይ የራቀ፣ በሩ የሚቆለፍ ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ሰዎቹ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ቀጥሎ ሁሉም ዞረው ወደ እኔ ግቢ አዩ። የመኪናዬ ማደሪያ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ፣ በሩ ባለ ቁልፍ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቆሟል።

በማግስቱ ሽማግሌ ተላከብኝ። አዎ፣ ሽማግሌ። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ላታሞ ሁለት ጎረቤት አስከትለው፣ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ባለቤቴ ፀሐይ በመስኮት አይታ፣ “ልጃችን ገና ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ምን ነክቷቸው ነው?” ብላ ደነገጠች። ተቀመጡ ብንላቸው እሺ ሳንባል አንቀመጥም አሉ። ሌላ ቀን አንተ የሚሉኝ አቶ ላታሞ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ “ጣሪያዎን ለበርሜላችን እንዲሰጡልን ነው አመጣጣችን” አሉ።

ፀሐይ ፈጥና ወደ ቁም ነገሩ ገባች። ጠባዩስ? ያፈሳል ወይ? አዲስ በርሜል ተገዝቶለታል፣ ከእንግዲህ ጠብ አይልም አሏት። ባትሪዎቹስ? “እነሱ ሚዜ ናቸው፣ አብረው ይገባሉ።” እስከ መቼ ብዬ ጠየቅሁ። ከአዲስ አበባ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ መኪና እስኪመጣ ብቻ ነው ተባለ። መቼ ይመጣል? “ጭነት የሚሞላ ሲጠራቀም።” ላስብበት አልኩ። አቶ ላታሞም፣ “ያስቡበት፤ እኛ ቆመን እንጠብቃለን” አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እንደሚያማቸው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሲወዛወዙ እያየሁ በመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን መኪናዬን አሰብኩ። እሺ አልኩ። ተቀመጡ፤ ለስላሳ ቀረበ፤ መረቁን።

ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ መጣች፤ አየች፤ ወደደችው። ጭነቱ ቶሎ እንዲሞላም የሰፈሩ ሌሎች ጋራዦች የየራሳቸውን አመጡ። የጋሽ ሽኩር ጋራዥ አልታሸገም። የመኪናዬ ሞተር ተገጥሟል፤ እንደ አዲስ ይሠራል። የምታድረው ጋሽ ሽኩር ግቢ ውስጥ፣ በርሜሉ ከተነሣበት ጥግ ነው።