የደግፌ አራስነት

ሚስቱ ወልዳ እሱ የሚታረስ ባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ናዝሬት አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ ደግፌ፣ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ። ሚስቱ እንደ ወለደች፣ ጡቷ ወተት እንዲሞላ ብለው የሰፈሩ ሴቶች ቅቤ የጠገበ አጥሚት ያመላልሱ ነበር። እሱ ደጃፍ ላይ ይቀበልና፣ «ትኩስ እንዳይሆንባት ልቅመሰው» ይላል። ለሚስት መሳሳት ነው እንግዲህ፤ ምን ክፋት አለው? ማሰሮው እስኪደርቅ ይቀምሳል። እሷ ከሳች፤ እሱ ቦርጭ አወጣ። ሕፃኑም ባዶ ጡት እየሳበ ያለቅስ ጀመር።

«ይኽ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ?» አለ ደግፌ እያገሳ።

አማቱ ልጁን ከእናቱ ተቀበሉ፤ የደግፌን እጀ ጠባብ ገልጠው ደረቱ ላይ አስተኙት።

«አጥሚቱን የጠጣ ያጥባው!»

ምስኪኑ ልጅም አምኖ አፉን ከፈተ።