ማን ነካው?

ማሽን ሲበላሽ ከማሽኑ በፊት ሰው የሚመረምር የጥገና ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በምሠራበት የቃሊቲ ሳሙና ፋብሪካ አሉ፤ ጋሽ ከበደ ይባላሉ። ማሽን ቆመ ተብለው ሲጠሩ መፍቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የሚያዩት ግን እኛን ነው። "ማን ነካው?" ይላሉ። እኔ ነኝ ያለ ምስኪን ከአለቃ ቢሮ እስኪመለስ ማሽኑ እንደቆመ ይውላል።

ታዲያ እኛ ምን ተማርን? የማሽኑ ድምፅ ሲለወጥ እጃችንን ኪሳችን ከተን ፈቀቅ ማለትን። ኪስ የሌለውስ? ደረቱ ላይ ያጣምራል።

በቅርቡ ለጥገና ክፍሉ ሥልጠና ተሰጠ። ጥፋተኛውን ትታችሁ ችግሩን ፈልጉ ተባሉ አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ማሸጊያ ማሽኑ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን፤ ጭስም ተከተለ። ቀዩ የማሽኑ ማጥፊያ ቁልፍ እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ግን ማን ደፍሮ? ከነካሁት እኮ ነካሁት ማለት ነው። ጎኔ የቆመችው አልማዝ ዓይኗን ጨፍና ታማትባለች። አንድ ባልደረባችን ጋሽ ከበደን ሊጠራ ሮጠ።

እያለከለኩ ደረሱ። ጭሱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ምራቃቸውን ዋጡ። ሥልጠናው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ "ልጆቼ፣ ምን ሆነ?" አሉን።

"እኛ አልነካነውም፣ ጋሼ" አልን ሁላችንም በአንድ አፍ።

እውነታችንን ነበር። ማጥፊያውን እንኳ የነካ አልነበረም።