ሚስተር ሄድሊ ይውጡልን

ኳስ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ገደ ቢስ ደጋፊ አለ። ቡድኑን ከወለዳቸው ልጆች አስበልጦ ይወዳል፤ ቡድኑ ግን እሱ እያየው ጎል አያገባም። ትልልቆቹ ክለቦች አርባ ሺህ ሰው ስለሚሰበስቡ ገደ ቢሳቸው የትኛው እንደሆነ አያውቁትም፤ በሱ ፈንታ አሰልጣኝ ያባርራሉ። እኛ የእንግሊዝ ባሕር ዳር መንደርተኞቹ ፖርትጋሮዎች ግን ብንበዛ ብንበዛ ስልሳ ነን፤ ያውም ውሾቹን ጨምሮ። ስለዚህ የኛን ገደ ቢስ በስም እናውቀዋለን። ክቡር ሚስተር ሄድሊ ትሪጊር ይባላሉ።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ ናቸው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያችን የነተበች ሰማያዊ ሻርፕ ጠምጥመው፣ በባሕሩ ግንብ በኩል፣ ከኔ ጎን ይቆማሉ። ይህን ሁሉ ዓመት አጠገባቸው ቆሜ ያየሁትን አበሳ እኔና ፈጣሪዬ ነን የምናውቀው።

ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቅዳሜ የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ጎንበስ አሉ፤ ጎል! ቀና ሲሉ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አንስቷል፤ ተሻረ። ሌላ ቀን፣ ስጋና ድንች የታጨቀበትን ትኩስ ፓስቲያቸውን የባሕር ወፍ ከእጃቸው መንትፋ በረረች። እየተሳደቡ ሲያባርሯት ሁለት አገባን። የሐሞት ጠጠር ሊያስወጡ ሆስፒታል የተኙ ጊዜማ አራት ለዜሮ አሸነፍን። ተጫዋቾቹ ደስ ብሏቸው አበባ ላኩላቸው፤ ካርዱ ላይ «እግዜር ይማርዎ፤ ለመነሳት ግን አይቸኩሉ» ብለው ጽፈውበታል።

ስንቆጣቸው መልሳቸው አንድ ነው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «እኔ ምን አደረግኩ? ያየሁት ብቻ ነው!» ይላሉ።

«እሱን እኮ ነው የምንልህ!» ትጮህባቸዋለች ላቭዴይ ሜዳው ዳር ካለው ሻይ ቤቷ መስኮት። አብራቸው ስለተማረች አንቱ ማለት አይሆንላትም። «አትየው፣ የኔ ቆንጆ! ባሕሩን ብታይ ምን ትሆናለህ? ባሕሩ ምን አነሰው?»

እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ። እየተመራን አስር ደቂቃ ሲቀር አንዱ ከወዲያ «ሚስተር ሄድሊ ይውጡልን!» ብሎ ይጀምራል፤ ሜዳው ሁሉ ይቀበለዋል። እሳቸው ያጉረመርማሉ፣ ይራገማሉ፣ ይወጣሉ። አንዳንዴ ይሠራል። ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ ዘግይተው ስለወጡ ነው እንላለን።

ባለፈው ሚያዝያ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። የምንጋጠመው ከትሬቫን ጋር ነው። ካሸነፍን እኛ እንተርፋለን፣ እነሱ ይወርዳሉ፤ አቻ እንኳ ብንወጣ እንወርዳለን። ከኛ በታች ያለው ሊግ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ መጀመሪያ ላሞቹ ከሜዳ ተባረው ነው ፊሽካ የሚነፋው።

ሚስተር ሄድሊ ያን ቀን ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረባት አስረው መጡ።

«ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰኞ እሄዳለሁ» አሉ። «በርሚንግሃም፣ ልጄ ጋ። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለ። ቤቱም ተሸጧል።»

በርሚንግሃም ባሕር እንኳ የላትም።

«ዘንድሮ አንድም ጎላችንን አላየሁም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ብቻ አይቼ ልሂድ። ዛሬ ማንም ውጣ እንዳይለኝ።»

«ማን አባቱ ነው ውጡ የሚልዎት!» አልኩ። ለላቭዴይ ነገርኳት። ለላቭዴይ መንገር ማለት ለመንደሩ መንገር ማለት ነው።

እና ሰው ሁሉ ቃሉን ጠበቀ። ጄጎ የሚባለው አጥቂያችን፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝቶ ሳተ። ዝም አልን። ቀጥሎ ቋሚውን መታ። ዝም አልን። በመጨረሻ ባዶ ጎል ፊት የራሱ እግር ጠልፎት ወደቀ። አንድ ሰውዬ አፉን ሊከፍት ሲል ሚስቱ በክርኗ ጎኑን ደቃችው። ዜሮ ለዜሮ እንደሆነ ጭማሪ ደቂቃ ገባ።

ሚስተር ሄድሊ ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«እኔ ልውጣ።»

«ኧረ በማርያም! የመጨረሻዎ አይደል እንዴ? ቆይተው ይዩ እንጂ!»

«ልቀቀኝ፣ ልጄ። እኔ አየሁ ተብሎ ቡድኑ ይውረድ?»

በበሩ ወጡ። ከግንቡ ማዶ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ሲቆሙ ባርኔጣቸው ብቻ ትታየኛለች። አንጀቴን በሉት። በዚያ ጨዋታ አንጀት የቀረኝ ይመስል!

ወዲያው ኮርነር አገኘን። በረኛው ኳሷን ይዞ ለቀቃት፤ ጄጎ ደርሶ ከመረብ አገናኛት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም፤ ከማላውቀው ውሻ ጋር ተቃቅፌ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ሲጨፍር ጄጎ መሃል ሜዳ ቆሞ፣ «ሚስተር ሄድሊስ? አዩ?» አለ። አለማየታቸውን ነገርነው።

«አምጧቸው! ደግሜ አሳያቸዋለሁ!»

ጎትተን አመጣናቸው። ጄጎ ኳሷን እዚያው ቦታዋ ላይ አስቀመጠ። የትሬቫኑ በረኛ፣ እግዜር ይስጠው ጨዋ ሰው ነው፣ እየወረደ እንኳ ጓንቱን አውልቆ ጎሉን ለቀቀለት። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ጄጎ ተንደርድሮ መጥቶ በሙሉ ኃይሉ ለጋት። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ፣ ከግንቡም በላይ አልፋ ባሕር ገባች።

ሚስተር ሄድሊ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔ ያየሁት ብቻ ነው!»

ከጎሉ ይልቅ ሰው የጮኸው ያኔ ነው። ጄጎ ሳሩ ላይ ተንከባለለ። እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሁሉም የሳቅ እንባ ነበር ብዬ ግን አልምልም።

ነሐሴ ላይ አዲሱ ውድድር ተጀመረ። አንድ ለዜሮ እየተመራን አስር ደቂቃ ሲቀር አንዱ ለምዶበት «ሚስተር ሄድሊ ይውጡልን!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ከኔ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ ዞርን። ማንም አልተቀበለውም። የምናስወጣው ሰው የለንም። እንዴት ያለ ቅዝቃዜ መሰላችሁ። ስልኬን አወጣሁ።

«ሚስተር ሄድሊ፣ የት ነዎት?»

«ወጥ ቤት ነኝ። ምነው? ስንት ለስንት ነው?»

«እየተመራን ነው። ሊያልቅ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ሆኜ ምን አየሁ ልትለኝ ነው?»

«ባያዩንም ያስቡናል እኮ» አልኳቸው። «ይውጡልን።»

ወንበር ሲንቋቋ፣ ቀጥሎም በር ሲዘጋ ሰማሁ። በርሚንግሃም ያን ሰዓት ዶፍ ይጥል እንደነበረ፣ እሳቸውም ካፖርት ሳይደርቡ እንደወጡ ልጃቸው ኋላ ነው የነገረችኝ።

አንድ ለአንድ ወጣን።