ጀርሞቹ ይጹሙ ወይስ ይግደፉ?

የቁስቋም ሰፈር ቆዳ መጋዘን የሽታ ማጣሪያ ኮሚቴ አስቸኳይ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡20 የተጀመረ
ቦታ፦ መጋዘኑ ግቢ፣ ከማጣሪያው በርሜል አጠገብ

የተገኙ፦ አቶ ህሩይ አላምረው (ሰብሳቢና የመጋዘኑ ኃላፊ)፤ መሪጌታ ወልደኢየሱስ (የአጥቢያው ተወካይ)፤ ወ/ሮ አየለች (ቤታቸው ከመጋዘኑ ግንብ ጋር የተያያዘ)፤ ወ/ሪት ምስጢር (ማጣሪያውን የተከሉ ባለሙያ)፤ አምሐ (ጸሐፊ)።
ያልተገኙ፦ አራት። «ሽታ በሌለበት ምን እንሰበሰባለን» ብለዋል። ከዘጠኝ አምስት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ጀርሞቹ ረሃብ
ወ/ሪት ምስጢር እንዳስረዱት፣ የቆዳው ሽታ በበርሜሉ ድንጋዮች መካከል ያልፋል። ድንጋዮቹን በሸፈነው ስስ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እዚያ የሚኖሩት ጀርሞች ይበሉታል፤ ውሃው ውስጥ ያልገባ ሽታ ሳይበላ ወደ ሰፈር ይወጣል። ሁዳዴ ገብቶ እርድ ከቆመ ወዲህ ግን ቆዳ ስለማይመጣ፣ ጀርሞቹ ካልበሉ ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ካለቁ ለፋሲካ ሽታውን የሚበላ አይኖርም።

ሰብሳቢው «ውሃው በብዛት ይለቀቅላቸው» አሉ። ባለሙያዋ ውሃው ከወፈረ ሽታው ጀርሞቹ ጋ እንደማይደርስ፣ ድንጋዩ እንደ ላብ ወዝ ብቻ ማለት እንዳለበት ገለጹ። ሰብሳቢው የማን ላብ ተብሎ ይያዝ ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ የጸሐፊው ላብ እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ጀርሞቹ በጾም መብላት ስለመቻላቸው
ሰብሳቢው ሽታው አንዴ ውሃ ውስጥ ከገባ ውሃ ነውና የጾም ነው ብለው ተከራከሩ። መሪጌታ «እንዲያማ ከሆነ የሥጋ መረቅም የጾም ነዋ!» አሉ። ከዚያም መሪጌታ የጀርሞቹን ዕድሜ ጠየቁ። ባለሙያዋ ብዙዎቹ በቀናት የሚቆጠር ዕድሜ እንዳላቸው መለሱ። ከሰባት ዓመት በታች ስለሆኑ ጾም እንደማይገዛቸው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ሽታ ስለማፈላለግ
ሰብሳቢው ከሳንጃ ከተማ ቆዳ መጋዘን ሽታ በትውስት እንዲመጣ ደብዳቤ ይጻፍ አሉ። በኋላ ግን ከቅርቡ ከጠዳ መጋዘን በጨው የቆየ አንድ እርጥብ ቆዳ እንዲመጣና፣ ሽታውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ወ/ሮ አየለች እንዲጠብቁት ተወሰነ። ወ/ሮ አየለች ተነሥተው «ምነው! ሁለት ዓመት ያሸተትኩት አይበቃኝም? ለዳግማይ ትንሣኤ ልጄን ልድር ነው፤ ዳሱ እዚህ ግንብ ሥር ነው የሚጣለው። የወንድ ወገን አፍንጫውን ይዞ ይግባ?» አሉ። የሙሽራው አጎት የሆነው ጸሐፊ ይህን ሲጽፍ ቀና አላለም።

ወ/ሮ አየለች «እስቲ የተራቡትን አሳዩኝ» በማለታቸው ባለሙያዋ በርሜሉን ከፈቱ። ድንጋዩ ደረቅ ነበር። ሰብሳቢው ሲጠየቁ «ሽታ ሳይኖር ውሃ በከንቱ ይፈሳል ብዬ፣ ሁዳዴ ሲገባ ድንጋዩን የሚያርሰውን ፓምፕ ዘጋሁት» ብለዋል።

ባለሙያዋ ጀርሞቹ በድርቀት እንዳለቁ፣ እንደገና ዘርቶ ለማልመድም አርባ ቀን እንደሚፈጅ ተናገሩ። ለሠርጉ የቀረው አርባ አምስት ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ባለጉዳዮቹ በሕይወት ስለሌሉ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የፓምፑ ቁልፍ ከሰብሳቢው ተወስዶ ለወ/ሮ አየለች ተሰጥቷል። እርሳቸውም በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው «እኔው እጠብቀዋለሁ፤ ቆዳውም ይምጣ። የሠርጉ ቀን ሽታው ግንቡን ከዘለለ ግን፣ አያ ህሩይ፣ ከአማቾቼ መሀል የማስቀምጠው እርስዎን ነው» አሉ።

ስብሰባው 11፡05 ተበተነ። ሰብሳቢው ወደ ጠዳ ሄደዋል።