የጋሽ ታደሰ ፓስወርድ

ፓስወርዱን ከሌባ ሲደብቅ ከራሱም የሚሰውር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ቱሉ ዲምቱ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡት ጋሽ ታደሰ እንዲህ ናቸው። ያረጀው ስልካቸው በድንገት ከአካውንታቸው አስወጣቸውና የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎች ተቆለፉባቸው።

«ፓስወርዱን የት ጻፉት?» አልኳቸው።

«ምስጢር ይጻፋል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

ሦስቴ ሞክረን እምቢ አለ። ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ደግሞ ወደ ባለቤታቸው ስልክ ብቻ ነበር። ተስፋ ቆረጥኩ። ሴትዮዋ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ሲም ካርዳቸው እስካሁን ይሠራል እንዴ?

ጋሽ ታደሰ ግን ከቁም ሳጥን የሟቿን ስልክ አወጡ፤ ቻርጅ ተደርጓል።

«በየወሩ ካርድ እሞላላታለሁ» አሉ አቀርቅረው።

ማረጋገጫ ቁጥሩ እንዲላክ ጠየቅኩ፤ ወዲያው መልእክቱ ገባ። ቁጥሩን ላነብላቸው እጄን ብዘረጋ ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ቆይ፣ ከሷ የመጣ ነው፤ እኔው ላንብበው።»