ከመርዶ በፊት የተደረገ ጉብኝት

የባሌ እህት አስቴር በድላኛለች። የወንድሜን ሞት ደብቃ ቀብሩን አሳለፈችብኝ፤ በዚያ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ አውጥታ በስደት የምንኖርበትን ከተማ፣ ሴንት ፖልን፣ አስጎበኘችኝ። በደሉን ከወዲሁ የምናገረው፣ አንባቢዬ እንደ እኔ ሳያውቅ እንዳይስቅ ብዬ ነው።

መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ደግ ሥርዓት ነው፤ ማን ይጠላዋል? ግን ሰው ቤቷ እስኪሰበሰብ ድረስ ባለቤቲቱ የት ትቆይ? ለዚህ ታላቅ ተልእኮ የተመረጠችው አስቴር ናት።

አስቴር ከመኪናዋ እስከ ሱቅ በር መራመድ እንኳ የሚያስመርራት ሴት ናት። «ጽጌዬ፣ አየሩ ያምራል፣ ወክ እናድርግ» ስትለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ሐኪም ስኳር አለብሽ ብሏት ነው ብዬ አዘንኩላት!

ሴንት ፖል የወንዝ ወደብ ነው። ታች ጀልባዎች ብረትና እህል ጭነው ያልፋሉ፤ ላይ ቢጫና ሐምራዊ የተቀቡ ቤቶች ዳገቱን ሙጭጭ ብለው ይዘዋል። አንዱ ደጃፍ ላይ የገላ መታጠቢያ ገንዳ እስከ ወገቡ በቁሙ ተቀብሮ ውስጡ የማርያም ሐውልት ቆሟል። ተሳለምኩ። አስቴር ከኔ አስበልጣ ተሳለመች። ሰው አንብቦ የጨረሰውን መጽሐፍ ለመንገደኛ የሚተውበት ሳጥን ጋ ደረስን። ሌላ ቀን መጽሐፍ ሳገላብጥ የምትነጫነጭ ሴት «ሁለት ውሰጂ፣ አትቸኩይ» አለችኝ።

አንዱ ደግሞ የድንጋይ ውሻውን ሹራብ አልብሶታል። አገር ቤት ያለው ወንድሜ ተስፋዬ «ምነው እዚያ አገር ውሻ ሆኜ በተወለድኩ» የሚል ቀልደኛ ነበርና፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። አልደረሰውም። ስልኩን ዘግቶታል መሰለኝ አልኳት። አስቴር ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረችና «ይሆናል» አለች።

ቤት እንግባ ባልኩ ቁጥር አንዲት ዳገት ብቻ ትለኛለች። መጨረሻ ላይ ስልኳ ጠራና ወሬዬን አቋርጣ «በቃ እንሂድ» አለች።

ቤቴ በር ላይ ጫማ ተከምሯል። ሳሎኑ ነጠላ አዘቅዝቆ በለበሰ ሰው ሞልቷል። ባሌ ነገረኝ። እንዴት እንደጮኽኩ አልጽፍም።

ትንፋሼ ሲመለስ መቼ ብዬ ጠየቅሁ። ረቡዕ አርፎ ሐሙስ ተቀብሯል። ሐሙስ እኔ ሪችፊልድ በሚባለው ጎረቤት ከተማ ውስጥ የምንከባከባትን አሮጊት ጥፍር እየቀባሁ እያንጎራጎርኩ ነበር! አውሮፕላን ለቀብሩ እንደማያደርሰኝ አላጣሁትም። ነገር ግን እዚያ ሳሎን የተቀመጠው ሰው ግማሹ ቀብሩን በስልኩ አይቶታል። ወንድሜ አፈር ሲለብስ ባዕድ አይቶ እህቱ ሳታይ ቀረች። ደህና ሁን ሳልለው፣ የውሻ ፎቶ ላክሁለት።

አስቴር አጠገቤ ቁጭ ብላ ጀርባዬን እያሻሸች «ለአንቺው ብለን እኮ ነው ጽጌዬ። በሥራ ቀን ብንነግርሽ ማን አጠገብሽ ይቀመጣል? ሰው ሁሉ ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ነው» አለችኝ። ለቀስተኛው ሁሉ እውነቷን ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

እንባዬን ባለበሱኝ ነጠላ ጫፍ ጠረግሁና እንዲህ አልኳት፦

«አስቴርዬ፣ አንቺ ስትሞቺ ለልጆችሽ ለመንገር ቅዳሜን አልጠብቅም።»